ያልታዘዘ ዝላይ

ሐዋሳ ከነበርኩበት ቡድን ለቅቄ ሮቤ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የተዛወርኩት ቅርጫት ኳስ ለመጫወት ነበር። ተቀያሪ ሆኖ መቆዘም መሮኛል። ሮቤ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድም ግጥሚያ ሳላደርግ፣ ልምምድ ላይ ወደቅሁና የግራ ጉልበቴ ጅማት ተበጠሰ። እንኳን ተሰላፊ ልሆን፣ ክራንች ታቅፋ የምትቀመጥ ተመልካች ሆኜ አረፍኩት። እድሌን አያችሁልኝ?

ከቀዶ ጥገናው በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን በሚኒባስ ጎባ እየወጣሁ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ጀመርኩ። የሚያክሙኝ ጢማቸውን ሂና የቀቡ ቀልደኛ ሰው ነበሩ። "ጋሼ፣ መቼ ነው የምጫወተው?" ስላቸው "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ይሉና ላስቲኩን እግሬ ላይ ያጠብቁታል። መጀመሪያ ክራንቹን ጣልኩ። ቀጥሎ ደረጃ ወጣሁ። ከዚያማ በስንዴው ማሳ ዳር ከፈረስ ጋሪ ጋር መሽቀዳደም ጀመርኩ። ባለጋሪው ሆን ብሎ ፈረሱን ቀስ ያደርግልኝና "አይዞሽ!" ይለኛል። እንዴት እንደሚያናድደኝ!

በዘጠነኛው ወር ሐኪሜ ጉልበቴን አገላብጠው አዩና "ማሻአላህ! ልጄ፣ ከኔ ጉልበት ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ ዝለዪ" አሉኝ። ከደስታዬ ብዛት እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ዝላዩ ግን እምቢ አለኝ። ቆሜ እወረውራለሁ፣ አቀብላለሁ፤ ልዝለል ስል ጅማቴ ሲበጠስ የሰማሁት ድምፅ ይመጣብኝና እግሬ መሬት ይነክሳል። ቅዳሜ የዓመቱ የመጨረሻ ግጥሚያ ነው፤ እኔ ደግሞ ተመራቂ ነኝ። አሰልጣኙ "እስከ ሐሙስ ካልዘለልሽ አላሰልፍሽም" ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ምን ልበለው?

ሐሙስ መጣ። አምበላችን የጎሮ ልጅ ናት፤ ሜዳ ላይ አማርኛና ኦሮምኛ እየቀላቀለች ታዘናለች። ኳስ ከቅርጫቱ በነጠረ ቁጥር "ከኢ!" ትላለች፣ ተነሺ ማለቷ ነው። የኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ አያልፍም። ይህቺን ቃል ግን ወራቱን ሁሉ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ስሰማት ከርሜ ደሜ ውስጥ ገብታለች።

የልምምዱ ማብቂያ ፊሽካ ተነፋ። ሳልዘል ቀረሁ። ኳስ እንደያዝኩ ቅርጫቱ ሥር ፈዝዣለሁ። ድንገት አምበላችን ከኋላዬ ጮኸችብኝ፤ ጆሮዬ የሰማው "ከኢ!" ነው።

ሳላስበው ተነሳሁ! ኳሱን ቦርዱ ላይ ለጠፍኩት፤ ገባ። እኔም ወረድኩ፣ ያውም በግራ እግሬ።

ሁሉም ጉልበቴን ያያሉ። እኔም አየሁት። ምንም አልሆነም!

አምበላችን የኳስ ከረጢቱን ጥላ እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭናለች። "ወዮ! 'ካኢ' እኮ ነው ያልኩሽ! አስቀምጪ! ኳሱን አስቀምጪና እንሂድ!"

ለካ ድምፁ ትንሽ ሳብ ሲል መነሳቱ ማስቀመጥ ይሆናል። የኔ ጆሮ ይህን ከየት ያምጣው? ሳቅና እንባ አንድ ላይ ያዙኝ፤ ደስታው ደረቴን ሊቀደው ደረሰ። ኳሱን ከመሬት አነሳሁና ቅርጫቱ ሥር ተመልሼ ቆምኩ።

"በይ፣ አሁን የእውነትሽን 'ከኢ' በይኝ" አልኳት።