የአባቴ ተራ

አሶሳ ቤት ተከራይቼ ስማር፣ ከኢንተርኔት ላይ ገንዘብ የማያስከፍል ነገር መፈለግ ዋና ሥራዬ ነበር። መጽሐፍ በለው፣ የትምህርት ቪዲዮ በለው፣ ያ የተረገመ ኔትወርክ ከፈቀደልኝ የማላወርደው አልነበረም። አንድ ቀን እንዲህ ስበረብር፣ በነፃ ከተለቀቁ የድሮ ቅጂዎች መካከል የመንጌን የቅል ጡሩምባ ጨዋታ አገኘሁ። መንጌ የተወለድኩበት ነው፤ አባቴም እስኪሞት ድረስ ከነፊዎቹ አንዱ ነበር።

በእኛ በበርታዎች ዘንድ አንዱ ጡሩምባ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። ዜማ የሚሆነው ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሲነፋ ነው። የአባቴ ጡሩምባ ዛሬም ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አንዳንዴ አንስቼ ስለምነፋው ድምፁን አውቀዋለሁ። ቅጂው ውስጥ ያንኑ ድምፅ ስሰማ ደጋግሜ ከፈትኩት። ነፊዎቹ እነማን እንደሆኑ ግን የትም አልተጻፈም።

ቅዳሜ መንጌ ሄጄ ስልኩን እናቴ ጆሮ ላይ ያዝኩላት። ዓይኗን ጨፍና እስከ መጨረሻው ሰማች።

«ጡሩምባውስ የእሱን ይመስላል» አለች፤ «ነፊው ግን እሱ አይደለም። አባትህ፣ አላህ ይዘንለትና፣ አንድም ቀን በተራው ገብቶ አያውቅም። ሁልጊዜ ትንሽ ይዘገያል። ሽማግሌዎቹ ስንቴ ተቆጡት!»

ከዚያ ወዲህ ያላወረድኩት ቅጂ የለም። ሁሉም በተራው ነው የሚነፋው፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። የአባቴ ተራ ሲደርስ ሌላ ሰው ነፍቶ ያልፋል። እኔ ግን ጆሮዬን ቀስሬ ትንሽ እቆያለሁ፣ አርፍዶ ይገባ እንደሆነ።