ኳሷ ስንት ጊዜ ነጠረች?

ባለፈው ማክሰኞ እዚህ ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ውስጥ ባለ አንድ ክሊኒክ እጄን ኤክስሬይ ተነሣሁ። የሄድኩት ጧት ጧት አልታጠፍ ለሚለኝ አውራ ጣቴ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት። ምስሉን አጉልታ ካየች በኋላ አውራ ጣቴን ትታ የግራ እጄን ትንሿን ጣት አመለከተች።

«ይህቺ ድሮ ተሰብራ ያለ ሐኪም የገጠመች ናት። በምን ተሰበረች?»

«ቤዝቦል ስጫወት» አልኩ።

ልጄ ቤዛ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀና አለች። እዚህ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ ስለ እኔ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስላትም።

«ዳድ፣ አንተ? ቤዝቦል? ማለቴ፣ መቼ?»

ወደ ቤት ስንመለስ አውራ ጎዳናው ላይ አደጋ ደርሶ መኪናው ሁሉ ቆሞ ነበር። «ሶ፣ ንገረኛ» አለችኝ መሪውን ለቅቃ። ጊዜው ስለነበረን ነገርኳት።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ቴክሳስ ከገባሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ቤድፎርድ ከተማ አጎቴ ዘንድ እየኖርኩ፣ ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ምግብ በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ትሪ አጥብ ነበር። ያን ዓመት በአንድ ቃል ተናገር ብባል «ማስረጃ» እላለሁ። ሥራ ስገባ ባጅ ማሳየት፣ ስወጣ ቦርሳ ማስከፈት። መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ አድራሻህን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ ተብዬ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ። የምኖረው እዚያ ቤት ነው ብዬ አፌን ሞልቼ ብናገርም፣ ቃሌ ከቢሮው መስኮት ወዲያ አያልፍም ነበር። ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም። ሥርዓቱ ነው። ግን ሰው ለወራት ቃሉ ሳይታመን ሲኖር፣ ቀስ በቀስ ቃል ያለው መሆኑንም ይረሳል።

ሚስተር ዋልተርን ያወቅኳቸው እዚያው ሥራ ቦታ ነው። ምግቡን አውሮፕላኑ ድረስ የሚያደርሰውን መኪና የሚነዱ፣ ስልሳን ያለፉ፣ ረጅምና ደረቅ ያሉ ነጭ ቴክሳሳዊ ናቸው። አንድ ቀን ከመደርደሪያ ላይ የብርቱካን ካርቶን ተንሸራቶ ሲወድቅ ሁለት ብርቱካኖች በአየር ላይ ቀለብኩ፤ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ። ደሴ እያለሁ የትምህርት ቤታችን እግር ኳስ ቡድን በረኛ ነበርኩ፤ እጄ ሳላዘው ይሄዳል። ሽማግሌው ቆመው አዩኝ።

«ወደ ራስህ እየሳብክ ነው የያዝከው» አሉ። «እንዲህ የሚይዝ ሰው ካየሁ ቆየሁ። ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?»

ቅዳሜ በአሮጌ ፒክአፓቸው ወሰዱኝ። ጊዜው የሚያዝያ መጨረሻ ነበር፤ በየመንገዱ ዳር ሰማያዊ የሜዳ አበባ ተነጥፏል፣ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ከሣሩ ላይ እንደ እንፋሎት ይነሣል። ከከተማው ጫፍ ከግንድ የተሠራ ያረጀ ቤት አለ። ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ ላይ አሥራ አምስት ያህል ሰዎች ወፍራም የሱፍ ሸሚዝ ለብሰው ይሯሯጣሉ። ከጎን አንድ ሰው ረጅም ጥቁር ባርኔጣ አድርጎ፣ ከዘራ ይዞ ቆሟል። መጀመሪያ ቲያትር የሚለማመዱ መስሎኝ ነበር።

ቲያትር አልነበረም። ሚስተር ዋልተርና ጓደኞቻቸው ቤዝቦልን የሚጫወቱት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት በነበረው ሕግ ነበር። ያኔ በየትንሹ ከተማ ፋርማሲስቱ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ አንጥረኛው፣ የባቡር ጣቢያው ጸሐፊ ሱቅና ቢሯቸውን ዘግተው ክለብ መሥርተው ይጫወቱ ነበር፤ ያለ ክፍያ፣ ለከተማቸው ስም ብቻ። ጓንት የሚባል ነገር የለም። ኳሷ በባዶ እጅ ነው የምትያዘው። ወርዋሪው ኳሷን ከወገቡ በታች አሻግሮ ይሰጣል እንጂ አይተኩስም። መቺው በዱላ መትቶ በአራት ማረፊያዎች ዞሮ ከተነሣበት ከተመለሰ ነጥብ ነው። ታዲያ ነጥቡ የሚቆጠረው ሯጩ ራሱ ወደ መዝጋቢው ጠረጴዛ ሄዶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ «ይመዝገብልኝ» ብሎ ትንሿን ደወል ሲደውል ነው። የተመታችን ኳስ አየር ላይ የቀለበ፣ ወይም መሬት አንድ ጊዜ ብቻ ነጥራ የያዘ፣ መቺውን ያስወጣል። ሁለቴ ከነጠረች ግን አለፈች።

መሳደብም፣ ዳኛ ላይ መጮህም ክልክል ነው። እኛም ዘንድ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባል ተረት አለ ብዬ ስነግራቸው ደስ አላቸው። በልጅነቴ በገና ጨዋታ ስንት ቅልጥም ሲሰበር፣ ስንት ሰው በቁጣ ሲደባደብ እንዳየሁ ግን አልነገርኳቸውም።

በሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ይመስለኛል፣ ሲከነክነኝ የቆየውን ጠየቅኳቸው።

«ሚስተር ዋልተር፣ በዚያ ዘመን ቢሆን እኔን ያጫውቱኝ ነበር?»

ጫማቸውን እያሰሩ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«አያጫውቱህም» አሉ። «እንዳንተ ያሉ ሰዎች የራሳቸው ክለብ ነበራቸው። ጥሩ ጥሩ ክለቦች። የእኔ አያቶች ከእነሱ ጋር አንድ ሜዳ ላይ አይቆሙም ነበር።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ሕጋቸውን ሁሉ እንጠብቃለን፤ ያንን ብቻ አንጠብቅም።»

ሊያለሰልሱልኝ ስላልሞከሩ ነው መሰለኝ፣ በየቅዳሜው መሄዴን ቀጠልኩ። መዳፌ አብጦ ትሪ መያዝ አቃተኝ። አጎቴ «አሜሪካ የመጣኸው እጅህን ልታስቀጠቅጥ ነው?» እያለ ይቆጣል። እኔ ግን በግራ በኩል ሜዳው ጫፍ ላይ ስቆም፣ ዱላው ሲመታ ከድምፁ በፊት ኳሷ ስትነሣ ሳይ፣ በሰው አገር መሆኔ ይረሳኝ ነበር።

ትልቁ ግጥሚያ ነሐሴ ውስጥ ነበር። ከፎርት ወርዝ ወዲያ ካለች ትንሽ ከተማ የሚመጣ ክለብ አለ፤ ሚስተር ዋልተር የእኛን ክለብ ካቋቋሙ ጀምሮ አንድም ዓመት አሸንፈውት አያውቁም። ዶክተራቸው ልባቸውን መርምሮ ከዚህ በኋላ መሮጥ ይቅር ብሏቸዋል። ይህንን ለእኔና ለአንድ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የነገሩት። የመጨረሻ ጨዋታቸው ነው።

የፍልሰታ ጾም ስለነበር ጠዋት ምንም ሳልቀምስ ነው የወጣሁት። የአጎቴ ሚስት በር ላይ ይዛኝ «መጾም ታዘዘ እንጂ ራስን መግደል መቼ ታዘዘ!» ብላ አንድ ጠርሙስ ውኃ በግድ አስጠጣችኝ። ደግ አደረገች። የዚያን ቀን ሙቀት የሣሩን ቀለም አጥፍቶት ነበር። ከዛፎቹ የሚወጣው የነፍሳት ጩኸት እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ይጮሃል። ከጥላው በታች ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ዘርግተው የሰዓታት ጭስ የጠጣ የበሬ ፍሪምባ፣ የተቀቀለ በቆሎ፣ የኮክ ኬክና ሐብሐብ ደርድረዋል። አሸናፊም ተሸናፊም አብሮ ይበላል፤ ይህም የድሮው ሕግ ነው። የተሸነፈው ክለብ ኳሷን ለአሸናፊው አበርክቶ ከዚያ ገበታ ይቀርባል።

ከተጋጣሚዎቻችን መካከል ዓይኔ ውስጥ የገባው ሬይ የሚባል ሰው ነበር። አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አንገተ ወፍራም፣ ሲስቅ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ። አሮጌ መኪና ሻጭ ነው። በመታ ቁጥር ማረፊያዎቹን ዞሮ ደወሏን የሚደውለው እሱ ነበር።

እስከ መጨረሻው ተያይዘን ደረስን። እነሱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመቱ እኛ በአንድ ነጥብ እንመራ ነበር። ሁለት ሰው አስወጥተናል፤ ሦስተኛው መቺ ከወጣ ጨዋታው ያበቃል፣ እኛም አሸነፍን። እነሱ ደግሞ ሁለት ሯጭ በማረፊያዎች ላይ አላቸው፤ አንዱ ሦስተኛው ላይ፣ ሬይ ሁለተኛው ላይ። ሁለቱም ከገቡ እነሱ አሸነፉ።

ዱላው ሲመታ ድምፁ ደፈን ያለ ነበር። ኳሷ ዝቅ ብላ በእኔና በውስጠኛው ተጫዋች መካከል ባዶው ቦታ ላይ ልትወድቅ መጣች። ሮጥኩ። አየር ላይ እንደማልደርስባት አውቄ ነበር። እንደ በረኛ ሙሉ አካሌን ወረወርኩ። ያን ጊዜ አቧራና ደረቅ ሣር ፊቴን ሲመታኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ኳሷ በሁለት እጄ መካከል ናት። ትንሿ ጣቴ ወደማይሆን አቅጣጫ ዞራለች። ሕመሙ ገና አልመጣም።

ጩኸት ሆነ። የእኛዎቹ እጃቸውን አነሡ፤ የእነሱ ሯጮች ሁለቱም ገብተዋል። ዳኛው ከመቺው ጎን ስለቆመ ከወርዋሪያችን ጀርባ የሆነውን አላየም። በከዘራው መሬቱን ሁለቴ መታ። ያንን ሁሉ ሜዳ በቀስታ አቋርጦ ወደ እኔ መጣ። ረጅም ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታዬ» አለኝ፤ «ኳሷ ስንት ጊዜ ነጠረች?»

ሕጉን አውቀዋለሁ። ዳኛው ካላየ ተጫዋቹን ይጠይቃል፤ ተጫዋቹ ያለው ይጸናል። ማንም አይከራከረውም። ግን በእኔ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል አላሰብኩም ነበር። የምኖርበትን ቤት በቃሌ ማስረዳት ያቃተኝን ሰው፣ ይህ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ጌታዬ ብሎ ይጠይቀኛል። «አንድ» ብል አንድ ነው። ወረቀት አያስፈልገውም። ሚስተር ዋልተር ርቀው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። ከእኛ ሰዎች አንድም የሚጠቅሰኝ አልነበረም፤ እንዳይጫኑኝ ሁሉም መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አንድ» የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አላየሁም» አልኩ። «ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ዳኛው ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው ያየ ሰው ከሌለ ነጥቦቹ ይጸናሉ» አለ ጮክ ብሎ። ይህ ማለት ተሸነፍን። ባርኔጣውን ሊያጠልቅ ሲል ከመዝጋቢው ጠረጴዛ አጠገብ ድምፅ መጣ።

«አንድ ጊዜ ነው።»

ሬይ ነበር። ደወሏን ለመደወል ቆቡን አውልቆ፣ እጁን ዘርግቶ ነበር የቆመው። እጁን ሰብስቦ ወደ ላይ አነሣው።

«ወደ ሦስተኛው ማረፊያ ስሮጥ ፊት ለፊቴ ነበር። አንዴ ነጠረች፣ ልጁ ያዛት። መቺያችን ወጥቷል።»

ማንም አልጠየቀውም። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ እኔም ራሴ አላውቅም ነበር። ሣሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አየሁት። አንድም የእሱ ጓደኛ ክፉ ዓይን አላሳየውም። ደርበብ ብለው በመስመር ተሰለፉና፣ ቆባቸውን አንሥተው ሦስት ጊዜ ለክብራችን «ሆ!» አሉ። ያን ጊዜ የእጄ ሕመም መጣ። ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ሰዎቹ ለጣቴ መሰላቸው፤ እኔም እንደዚያው ይምሰላቸው ብዬ ተውኩት።

ሚስተር ዋልተር ጣቴን ከአይስክሬም እንጨት ጋር አስረው በገበታው ጫፍ አስቀመጡኝ። ሥጋ እንደማልበላ ሲሰሙ ሴቶቹ በቆሎና ሐብሐብ ከመሩልኝ። ሬይ የተሸነፉባትን ኳስ ለሚስተር ዋልተር በሁለት እጁ ሲሰጥ፣ ሽማግሌው ተቀብለው ደረታቸው ላይ አስጠጓት።

«እዚህ አገር ሰው ሁሉ እንዲህ ነው?» አልኳቸው ቆይቼ።

«ኧረ በጭራሽ!» አሉና ሳቁ። «ሬይም ራሱ እንዲህ የሆነው እዚህ ሣር ላይ ነው። ሰኞ ሱቁ ስትሄድ ተጠንቀቅ።»

እውነታቸውን ነበር። የመጀመሪያ መኪናዬን ከሬይ ገዛሁ፤ ማቀዝቀዣው በሁለተኛው ሳምንት ሞተ። አልተቀየምኩትም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው ያ ቅዳሜ ይበልጥ የገረመኝ። ቅዱስ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይደንቃል? እንደ እኔና እንደ ጎረቤቴ ያለ ተራ ሰው ነበር።

በመስከረም ሁለተኛ ሥራ ያዝኩ፤ ቅዳሜዬ አለቀ። ሚስተር ዋልተር ልባቸው ሌላ አራት ዓመት ታገሣቸው። ከቀብራቸው በኋላ ክለቡም ተበተነ።

ይህንን ነግሬ ስጨርስ መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀምረው ነበር። ቤዛ አዲሰን የምትባለውን ከተማ አልፋ ነዳች። ከዚያ «ዳድ፣ ዓይንህ ተከፍቶ ቢሆንስ? ማለቴ፣ ሁለቴ ስትነጥር አይተህ ቢሆን ምን ትል ነበር?» አለችኝ።

ለልጅ የሚነገረውን መልስ አውቀዋለሁ። አፌ ላይም ደርሶ ነበር።

«አላውቅም» አልኳት።

እውነቱ ይኸው ነው። የእኔ እውነት ቀላል ነበር፤ ያላየ ሰው አላየሁም አለ። ሬይ ግን አይቷል፤ የሚያስከፍለውን ያውቃል፤ ጠያቂም የለው። እኔ በሕይወቴ ረጃጅም ፎቅ ሲሠራ፣ ሜዳው ሁሉ ከተማ ሲሆን አይቻለሁ፤ ከዓመታት በኋላ ዳኛ ፊት ቀኝ እጄን አንሥቼ የዚህ አገር ዜጋ ሆኛለሁ። እንደዚያ ከሰዓት በኋላ ግን ልቤ ቀጥ ያለበት ጊዜ የለም።

«እኔም አላውቅም» አለች ቤዛ ቀስ ብላ፤ እጇንም ከመሪው አንሥታ ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።