የእናቴ ቀሚስና ጥቁሩ በርሜል

ልጄ ጣሪያዬ ላይ ውሃ በፀሐይ የሚያሞቅ ዕቃ ያስተከለልኝ ትናንት ነው። ቧንቧውን ከፍቼ እጄን ስዘረጋ ለብ ያለ ውሃ ጣቶቼን ነካቸውና ፀሐይ የመታው ቆርቆሮ ሸተተኝ። ከዚያ ወዲህ ልቤ ተወልጄ ያደግኩባት መቱ ከተማ ነው ያለው።

አባቴ አናጢ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከሸዋ መጥቶ መቱ የቀረ፣ ኦሮምኛውን ከእኛ ከልጆቹ የተማረ፣ ያሰበውን ሳይሠራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው። እናቴን ቁርጥማት ያሠቃያት ነበር። ጠዋት በምንጭ ውሃ ዕቃ ስታጥብ ጣቶቿ አልታጠፍ ይሏታል። እንዳታሞቀው ደግሞ ያገራችንን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ከሙቀቱ ጢሱ ይበዛል። አባቴ ይህን እያየ ከረመና አንድ ቀን ጣሊያን ጥሎት የሄደ የናፍጣ በርሜል እያንከባለለ መጣ። ውስጡን በፈላ ውሃ ደጋግሞ አጠበው፣ ውጪውን ጥላሸት በተቃጠለ ዘይት ለውሶ ቀባው፣ ጓሮ በሠራው ቆጥ ላይ አጋደመው፣ ከሥሩ የጎማ ቱቦ አወጣለት። እናቴ ምን ሊሆን ነው ብላ ብትጠይቀው፣ “ቡና የምታደርቅ ፀሐይ ውሃ ማሞቅ ያቅታታል?” አላት። ፀሐይዋን የሚስባት ጥቁሩ ነው ሲላት ግን ለቆሻሻው ሰበብ የፈለገ መሰላት።

በንጽሕናዋ የምትታወቅ ሴት ነበረች፤ የድስቶቿ ቂጥ እንኳ ያበራል። ጥላሸት የተቀባ ነገር በደጇ ተሰቅሎ ጎረቤት ሲያየው ልትሞት ደረሰች። የባሰው ደግሞ የዚያ ሳምንት የማርያም ማኅበር ተረኞች እኛ ነን። አባቴ ሆዬ ለነፍስ አባታችን፣ አባ፣ ዘንድሮ እጅዎን የማስታጥብዎ በፀሐይ ውሃ ነው ብሎ አውርቶ ጨርሷል። እናቴም ቁርጡን ተናገረች፤ በእንግዳ ፊት ካሳፈረን በርሜሉ ይወርዳል፣ ሁለተኛም አይነሣም። አባቴ እሺ አለ።

የማኅበሩ ዋዜማ፣ እሱ ለሥራ ሁሩሙ ወርዶ ሳለ፣ እናቴ ቆጡ ላይ ወጣች። እንግዳ ሲመጣ ዕቃ መወልወል ልማዷ ነው፤ በርሜሉንም በአመድና በቃጫ ፈትጋ ፈትጋ ብር አስመሰለችው። ክፋት አልነበረባትም። እንዲያውም ባሏን ያስከበረች መስሏት ነበር።

አባቴ መሽቶ ገብቶ፣ ጎሕ ሳይቀድ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ስለነበር በርሜሉን ያየው ከቀትር በኋላ ከእንግዶቹ ጋር ጓሮ ሲገባ ነው። እናቴን አየት አደረጋትና ቱቦውን ከፈተ። አባ እጃቸውን ዘርግተው ወዲያው ሰበሰቡት፤ ይሄማ ቀጥታ ከሶር ወንዝ ነው የመጣው አሉ። ጓሮው በሳቅ ተሞላ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሥራው እንዳልተዋጣለት ተናገረ።

እናቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

“የሱ ጥፋት አይደለም” አለች። “እሱ አጥቁሮት ነበር። ያጠብኩት እኔ ነኝ።”

ከዚያ ማድቤት ገብታ ጥላሸቱን ከነዘይቱ ይዛ ወጣች። በነጭ የክት ቀሚሷ መሰላሉን ወጣች፤ በዚያ በማይታጠፍ ጣቷ፣ ካህን እያየ፣ ጎረቤት እያየ፣ በርሜሉን ከዳር እስከ ዳር አጠቆረችው። የሳቀ ሰው አልነበረም። አባቴ መሰላሉን ይዞላት ቆሞ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሴቶች የማኅበሩን ዕቃ ሊያጥቡልን መጡ። ከሁሉ አብልጠው ያሾፉብን አንዲት ጎረቤታችን እጃቸውን ቱቦው ሥር አድርገው ቆዩ። “ቢሻን ሆኣ” አሉ ቀስ ብለው፤ ሙቅ ውሃ ማለታቸው ነው። እናቴ አጥባ ስትጨርስ ጣቶቿን አጠፈችና ዘረጋች፣ ደግሞ አጠፈችና ዘረጋች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን “መነ ቢሻን ሆኣ”፣ የሙቅ ውሃ ቤት፣ ተብሎ ቀረ። ከያዮ ለገበያ የመጣ ሰው እንኳ ጎራ ብሎ ሳያይ አይመለስም ነበር። ትምህርት ቤት የማን ልጅ ነሽ ስባል ደረቴን ነፍቼ የምመልሰው ይህንኑ ነው።

ቀሚሱን የነካው ጥላሸት አልለቀቀም። እናቴ ግን በየማኅበሩ ትለብሰው ነበር። ያ የክት ቀሚስ እንደዚያ ሆኖ እንዴት ይለበሳል ሲሏት፣ “የባሌ ኒሻን ነው” ትላለች።

ሁለቱም አሁን የሉም። በርሜሉንም ዝገት በልቶታል። ትናንት ዕቃውን የተከለው ወጣት፣ መስተዋቱን በየጊዜው ማጠብ አይርሱ ብሎ አደራ ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ከሄደ በኋላ ሳጥኔን ከፈትኩ። ቀሚሱ እንደታጠፈ ነው፤ ጥላሸቱም በደረቱ በኩል፣ ኒሻን በሚንጠለጠልበት ቦታ፣ እንዳለ አለ።