በሌለበት «አቤት» ያልንለት ልጅ

ባለፈው ቅዳሜ አትላስ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ለመምህራን በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ፣ ከረድፉ መሃል ተቀርቅሬ ዋልኩ። በግራዬ አምስት፣ በቀኜ አምስት መምህራን ተደርድረዋል፤ ልውጣ ብል የግማሹን ረድፍ ጉልበት ማስነሳት ስላለብኝ ሻይ ሳልጠጣ ቁጭ ማለቱን መረጥኩ። ርዕሱ «የክፍል አያያዝና ምቹ የመማሪያ አካባቢ» የሚል ሲሆን፣ አሠልጣኙ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ አንዱ ሊሆን የሚችል ትሑት ወጣት ነበር። ከምሳ በኋላ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ነጭ ወረቀት አደለንና በክፍላችን አስቸጋሪ የምንለውን አንድ ተማሪ ስም እንድንጽፍ ጠየቀን። ጎረቤቶቼ ሳያመነቱ ጻፉ፤ አንዷማ ቦታ አነሳት። እኔ እስክሪብቶዬን እንደከፈትኩ ቀረሁ። አሥራ አምስት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ረባሽ አጥቼ አይደለም፤ እጄ የለመደው ስም አንድ ብቻ ስለሆነ ነው። ሙሉጌታ።

የተማርኩት ወሎ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ጋራዦች መሃል በተሸሸገ ትምህርት ቤት ነው። ከአጥሩ ማዶ ቀኑን ሙሉ ላሜራ ስለሚቀጠቀጥ ከሰዋስው በፊት የመዶሻ ድምፅ መለየት የተማርን ልጆች ነበርን፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ በተሰበረው መስኮት እየገባ ከጠመኔው ብናኝ ጋር ዩኒፎርማችን ላይ ያድር ነበር። አምስተኛ ክፍል ስንገባ ሰባ ነበርን። ለሁለት በተሠራ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነን ስንቀመጥ እኔ ቀጭን ስለነበርኩ ሁልጊዜ ዕጣዬ መሃል ነው፤ መሃል የተቀመጠ ልጅ ደግሞ በራሱ ፈቃድ አይነሳም፣ አይወጣም፣ ክርኑን ዘርግቶ አይጽፍም። ከቦሌ የተነሳ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ መምህራችን ጣታቸውን እንደቀሰሩ፣ ዓረፍተ ነገራቸውን ግማሽ ላይ አቁመው ይጠብቃሉ፤ እኛም የቀኑን ወሬ በሙሉ በዚያች ደቂቃ እናራግፍ ነበር።

መምህራችን ቲቸር ዘውዱ ይባሉ ነበር። ኮታቸው ክርኑ ላይ ያብረቀረቀ፣ ክፍልፋይን በብርቱካን አስረድተው ሲያበቁ ብርቱካኑን ለታመመ ልጅ የሚሰጡ ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ግን የሚገርፉበትን ጎማ ከመሳቢያ ከማውጣት አያግዳቸውም። ያን ዓመት የጎረቤት ክፍል አስተማሪ ወልዳ ስለቀረች ሁለቱንም ክፍል ያዙና፣ እዚያ ሲሄዱ እኛን የሚጠብቅ አለቃ አስፈለጋቸው። ዓይናቸው ሰባችንንም ዞሮ እኔ ላይ ዐረፈ። ዝምተኛ በመሆኔ ጨዋ መስያቸው ነው፤ እኔ ግን ዝም የምለው ፈሪ ስለነበርኩ ነው። «ክፍል ማለት ድስት ነው፤ ክዳኑ አንቺ ነሽ ምሕረት» አሉኝ፤ አንድ ቅጠል ወረቀትም ሰጡኝና ከላይ በራሳቸው እጅ «ረባሾች» ብለው ጻፉበት።

ሕጉ ቀላል ነበር። ያወራውን እጽፋለሁ፣ ወረቀቱን በየቀኑ አስረክባለሁ፣ እሳቸው በመዝገቡ ላይ ከስሙ ጎን ቀይ ነጥብ ያደርጋሉ፣ ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ነጥብ ያለበት ሁሉ ይቀጣል። ባዶ ወረቀት ያስረከብኩ ቀን ግን የምቀጣው እኔ ነኝ። «ሰባ ልጅ ዝም ካለ ወይ ልጆቹ ሞተዋል፣ ወይ አለቃዋ ዋሽታለች» ይሉ ነበር፤ በሁለተኛው ቀን እውነታቸውን መሆኑን መዳፌ አወቀ። ከዚያ ወዲያ ጻፍኩ። የጻፍኩት ልጅ በር ላይ ይጠብቀኛል፤ ያልጻፍኩት ማስቲካ ያመጣልኛል፤ አብራኝ የምትመለሰው ጓደኛዬ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረች።

ሙሉጌታ በስም ጥሪ ከእኔ በፊት ያለ ልጅ ነበር። ጥርሱ ፍንጭት፣ ሱሪው ሁልጊዜ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ፣ አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ወዴት እንደሚሄድ የሚተነብይልን። በዓመቱ አጋማሽ ቤታቸው መንገድ ሊሰፋ ፈረሰና ከመገናኛ ወዲያ፣ ዛሬ ለሚ ኩራ በሚባለውና ያኔ ገና ማሳ በነበረው በኩል ሄዱ። የሄደ ዕለት «እመለሳለሁ፤ ከመዝገብ እንዳታስወጡኝ» ብሎ ስለለመነን፣ ቲቸር ዘውዱ አንገታቸውን ሳያነሱ ስም ሲጠሩ ከኋላ ያሉት ወንዶች ተራ ገብተው «አቤት» ይሉለት ጀመር። ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል አንድ ሰው መጉደሉ አይታይም። ያ «አቤት» የፍቅር ነበር፤ አሁንም እንደዚያ ነው የማምነው።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ከጎኔ ያሉት ሁለቱም ልጆች እያወሩ፣ ክርናቸው ጎኔን እየወጋኝ፣ ማንን ልጻፍ ብዬ ወረቀቱ ላይ ላቤ ሲንጠባጠብ፣ እጄ በገዛ ፈቃዱ «ሙሉጌታ» ብሎ ጻፈ። የሌለ ልጅ አይመታም፣ የሌለ ልጅ በር ላይ አይጠብቅም። ዓርብ ስሙ ተጠርቶ ሲታጣ፣ ከኋላ አንዱ ያለ ሐፍረት «ዓርብ ዓርብ ከሰዓት እናቱ ጸበል ይወስዱታል ቲቸር» አለ። ቲቸር ዘውዱ አማኝ ሰው ናቸውና ጸበል ላይ ያለ ልጅ እንዴት ይመታል ብለው፣ «እግዜር ይማረው» አሉና አለፉት። እኛም አብረን «አሜን» አልን።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት በትምህርት ዘመኔ ካየኋቸው ሁሉ የተሻሉ ናቸው። በየቀኑ ሙሉጌታን እጽፋለሁ፣ ማንም አይመታም፣ ማንም አይፈራኝም። የሚገርመው ክፍሉ ራሱ እየረጋ መጣ፤ ጓደኛዬ ተመለሰች፤ ሒሳብ የገባው ላልገባው በሹክሹክታ ያስረዳል፤ እኔም መሃል ቁጭ ብዬ ክፍልፋይ አስተምሬያለሁ። ቲቸር ዘውዱ «አንድ ጠጠር ብቻ ነው የቀረን» እያሉ ይደሰቱ ነበር። እዚያ አዳራሽ ውስጥ በፕሮጀክተር ያሳዩንን ምቹ የመማሪያ አካባቢ እኔ አንድ ጊዜ ኖሬበታለሁ፤ የቆመው ግን በውሸት ላይ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳና ርዕሰ መምህሩ፣ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴትና ሙሉጌታ ገቡ። እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘዋል። ለአዲሱ ትምህርት ቤት መልቀቂያ ሊወስዱ ነው የመጡት። ቲቸር ዘውዱ መዝገባቸውን ገለጡ፤ ከስሙ ጎን ያለው መስመር በቀይ ነጥብ ተሞልቷል። ልጁ መቅረት እንኳ ባይቀርም ባሕርዩ እጅግ ከባድ መሆኑን ለእናቲቱ በትሕትና አስረዷቸው።

«እኛ እኮ ከዚህ ከለቀቅን ሁለት ወራችን ነው መምህር፤ በምን እግሩ ይመጣል?» አሉ እናቲቱ።

«መዝገቡ መጥቷል ነው የሚለው እናቴ» አሉ ቲቸር ዘውዱ፤ ድምፃቸው ግን መሃል ላይ ላላ። ቀና ብለው ክፍሉን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። የዚያን ጊዜ የገባቸው ይመስለኛል፤ ስለ ጸበሉ አንድም ቃል አልጠየቁምና። ርዕሰ መምህሩ አጠገባቸው ቆመዋል፤ በሌለ ልጅ ስም ሁለት ወር ሙሉ ተገኝቷል ብለው የሞሉ መምህር መሆናቸው ሊወጣ ነው። እሳቸው በመዝገባቸው ተይዘዋል፣ እኔ በወረቀቴ፣ ልጆቹ «አቤት» ባሉበት አፋቸው። ተነስቼ «እኔ ነኝ» ልል ነበር፤ በግራና በቀኝ ያሉት ልጆች ካልተነሱ መነሳት አልችልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በክርኔ ብነካቸው ይነሱልኝ ነበር። ፈራሁ።

ሙሉጌታ አንድ በአንድ አየን። ከመዝገብ እንዳታስወጡኝ ያለውን ሳያስታውስ አልቀረም። ከዚያ ወደ እናቱ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «እመጣ ነበር እማዬ» አላቸው።

እናቲቱ እጁን ለቀቁት። «ታዲያ እኔ ሥራ ስውል፣ ሕፃኗን እህትህን ለማን ትተሃት ነው የምትመጣው?»

ሙሉጌታ አንገቱን ደፋ። ቲቸር ዘውዱ መልቀቂያው ላይ፣ ሁላችንም ያለ ልፋት «ኤ» የምናገኝበት «ጠባይ» የሚል ቦታ ላይ፣ «ሲ» ጻፉና ፈረሙ። ሰባ ልጅ ትንፋሹን ውጦ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ሲወጡ በክፍሉ ሥነ ሥርዓት መደሰታቸውን ተናገሩ። እናቲቱ ፊት ፊት ሄዱ፤ እሱ ኋላ ቀረት ብሎ ተከተላቸው፤ ማናችንም ቻው አላልነውም። ቲቸር ዘውዱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ረባሽ አላስጻፉም። እኔንም አልጠየቁኝም፤ ቢጠይቁኝና ቢመቱኝ ምንኛ በወደድኩ።

ዛሬ የማስተምረው እዚያው ለሚ ኩራ ነው። ማሳው ፎቅ ሆኗል፤ ልጆቻቸውን ሊወስዱ በር ላይ የሚቆሙትን አባቶች ፊት ሳይታወቀኝ እመረምራለሁ፤ ፍንጭት ሳይ ልቤ ይደነግጣል፤ እሱ ግን ሆኖ አያውቅም። ክፍሌ ድንገት ጸጥ ሲል ጭንቅ ይለኛልና ልጆቹን አንድ ነገር ጠይቄ አስወራቸዋለሁ፤ ባልደረቦቼ የክፍል አያያዜ ላላ ያለ ነው ይላሉ። ዝም አይነቅዝም ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤ የእኔው ግን ይኸው ነቅዟል። ያጣሁት ጓደኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ይክሰኝ ነበር። ሙሉጌታ ኋላ ላይ እውነቱን ነግሯቸው ካልሆነ ግን፣ እኚያ እናት ዛሬም ሕፃን እህቱን ባዶ ቤት ጥሎ የሚሄድ ልጅ እንደነበራቸው ያምናሉ።