የአለቆቹ ዳንቴል

በአውግስቡርግ ከተማ የካቴድራል አለቃ ሲሾም መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ነፍሱ ሳይሆን ስለ ምስሉ ነው። በመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስል ቀርጾ በወረቀት የሚያትመው ቬንደሊን ኩግለር አራት አለቆችን በአንድ ሆድ ቀርጿል። አንዱ ሲሞት ከመዳቡ ሰሌዳ ላይ ፊቱን ብቻ ይፍቃል፤ የጎደጎደውን ከጀርባ በመዶሻ ያነሳና በዚያው ካባ፣ በዚያው ዳንቴል ላይ የአዲሱን ራስ ይተክላል። አንድ አጥንታቸው የወጣ አለቃ እንኳ የቀድሞውን ሆድ ወርሰው ደስ ብሏቸው ሞተዋል።

ሰው ስንፍና ይለዋል። እውነቱን የምታውቀው ሚስቱ አፖሎንያ ብቻ ናት። ዳንቴሉን የቀረጸው በወጣትነቱ፣ የዝንብ ሽፋሽፍት መቁጠር በሚችልበት ዘመን ነበር። አሁን ፊት እንደ ምንም ይወጣዋል፤ ዳንቴል ግን ለእሱ ጭጋግ ነው። ይህ ከታወቀ ሱቁ ይዘጋል፤ ሁለቱም የድሆች መጦሪያ ይገባሉ። እዚያ ደግሞ ባልና ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር አያድሩም።

አምስተኛው አለቃ ተሾሙ። ቬንደሊን የሟቹን ፊት ፍቆ ሰሌዳውን መስፉ፣ መቀጥቀጫው ብረት ላይ ገለበጠና መዶሻውን አሳረፈበት። የመዳቡ ድምፅ ተለወጠ።

«ምን ሆነ?» አለች አፖሎንያ።

«ተበሳ።»

«ምናቸው ላይ?»

«አፍንጫቸው ላይ። ጣቴ ያልፋል።»

«ታዲያ ጉንፋን አይዛቸውም» አለች። ሁለቱም አልሳቁም።

ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈነው፤ ፊቱን ቀርጾ አተመው። አፍንጫው ላይ የድንች ያህል ጥቁር እብጠት ወጣ። አፖሎንያ ክንዱን ይዛ ከነኅትመቱ አለቃው ዘንድ ወሰደችው።

«ይህ እኔ ነኝ?» አሉ አለቃው።

«ሰሌዳው አርጅቶ ነው፣ አባታችን። ይማሩኝ።»

ቢቆጡ ይሻል ነበር። አለቃው ግን ደግ ሰው ነበሩ። «አይዞህ። ፊቴን እናቴም አልወደደችውም። ዳንቴሉን ግን እየው፣ ክሩ ይቆጠራል እኮ! አዲስ መዳብ እሰጥሃለሁ። እዚሁ ተቀምጠህ ቅረጸው፤ እጅህ ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ።»

የገዛ ዳንቴላቸውን ከትከሻቸው አውልቀው እጁ ላይ አኖሩለት። «ከዚህች አበባ ጀምር።»

ቬንደሊን ወደ መስኮቱ አስጠጋው። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ሳሙና ሸተተው። ጣቱ ክሩ ላይ ተንከራተተ።

«ወደ ግራህ» አለች አፖሎንያ ከኋላው፣ በሹክሹክታ።

አለቃው ቀና አሉ። ዳንቴሉን ትተው ለመጀመሪያ ጊዜ የቬንደሊንን ዓይን አዩ።