ሳይጠሩኝ አልሄድም

ትናንት አንዲት ተማሪዬ «እልህ ማለት ቁጣ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማስረዳት ስለምወድ ጠመኔ አነሣሁ። ቁጣ ቶሎ ይበርዳል፤ ቂም ቀን ይጠብቃል፤ እልህ ግን ክብሩ የተነካ ሰው ራሱን እየጎዳም ቢሆን «አልሸነፍም» የሚልበት ስሜት ነው አልኳት። ቃሉ ከየት እንደመጣ አላውቅም። እልህን ያወቅሁት ግን በልጅነቴ፣ መተማ አጠገብ ባለችው መንደራችን ኮኪት ነው፤ ጣሊያን መተማን ለቆ ከወጣ በኋላ በመጣው የሰሊጥ አጨዳ ወራት።

አባቴ በወረራው ዘመን ድንበር ተሻግሮ ሱዳን፣ ገላባት ከርሞ ነበር። ጎረቤታችን አያ ደምሴ ግን አልሸሹም። ለጣሊያን መንገድ ድንጋይ እየፈለጡ፣ የሚሰጧቸውን ዱቄት ከእናቴ ጋር ይካፈሉ ነበር። ያ ዱቄት ባይኖር እኔና እህቶቼ ክረምቱን አንወጣውም ነበር። አባቴ ተመልሶ ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል ብለን ጠበቅን። በመስከረም የማርያም ጽዋ ላይ ግን፣ ጽዋው አያ ደምሴ ዘንድ ሲደርስ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «ለጣሊያን መንገድ የጠረገ እጅ ጽዋውን ባይነካ» አለ። እሳቸው ሳይቀምሱ ለአጠገባቸው ሰው አቀብለው ወጡ።

ጥቅምት ገባ። ሰሊጥ ፋታ አይሰጥም፤ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ በኋላ ሳይታጨድ ከሰነበተ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ባለአዝመራው በየቤቱ ዞሮ ሰው ለደቦ ይጠራል፤ ያልተጠራ አይሄድም። አያ ደምሴ ማንንም አልጠሩም። እናቴ አባቴን ብትለምነው «ሳይጠሩኝ?» አላት። እኔ ወደ ማሳቸው ሄድኩ። በዚያ ሐሩር ብቻቸውን ያጭዳሉ።

«አያ፣ ለአባባ አንድ ቃል ይላኩበት፤ ይመጣል» አልኳቸው።

ማጭዳቸውን ሳያሳርፉ «እጄ ረክሷል ተብሏልኮ፣ ልጄ» አሉኝ። «የረከሰ እጅ የዘራውን ንጹሕ ሰው ለምን ያጭዳል?»

አባቴ በመጨረሻ ሳይጠራ ተነሣ። አብሬው ሄድኩ። ሌሊቱን ነፋስ ነፍሶ ኖሮ፣ የተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር በፈሰሰው ሰሊጥ ነጥቷል። አያ ደምሴ ቀና ብለው አዩት፤ የሚታጨድ ነገር አልቀረም። ብዙም ሳይቆዩ ልጆቻቸውን ይዘው ጥጥ ለቀማ ወደ ሱዳን ተሻገሩ። በዚያው ቀሩ።

ለረጅም ጊዜ ክብራቸው የተነካው እሳቸው ብቻ ይመስሉኝ ነበር። አሁን የልጆች አባት ሆኜ ሳስበው፣ ቀድሞ የቆሰለው አባቴ ነው፤ ልጆቹን ሌላ ሰው አብልቶበታል። በዚያ ጽዋ ላይ ሊናገር የፈለገው «ልጆቼን በሕይወት አቆይተውልኛል» የሚለውን ይመስለኛል። አፉ አልታዘዘለትም።