ልጄን የከሰስኩበት ቢጫ ፕላስቲክ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ያለን ሰዎች አራት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ ኤሲ ጠጋኝ ነኝ፣ ሙያውንም ማንም ሳያስተምረኝ የተበላሸውን እየፈታሁ የለመድኩት ነው። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት፤ እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 በሚባለው ሰፈር ገበያ በርበሬና ሽሮ ትሸጣለች። ሦስተኛዋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጃችን ናት፤ በአንድ የሠርግ ባንድ ውስጥ ኤሌክትሪክ ጊታር ትጫወታለች። አራተኛው የባንዱ አለቃ ነው፤ በአዘቦት ቀን ልብስ ሰፊ፣ እሑድ ኪቦርድ ተጫዋች። ሌሎች ሁለት ሴቶችም አሉ፤ እነሱ ግን ምንም ስላልከፈሉ ቦታቸው ሲደርስ አነሳቸዋለሁ።

ጊታሩን የገዛሁላት እኔ ነኝ፤ ከአራት ዓመት በፊት፣ አገሩን ለቆ ከሚሄድ አንድ ፈረንሳዊ። እንጨቱ ጥቁር ነው። ፊቱ ላይ በብሎን የታሰረው ሰፊ ፕላስቲክ ግን ወተት የመሰለ ነጭ ነበር። ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚቀበሉት ዕቃዎችና ማዞሪያዎቹም እዚያው ፕላስቲክ ላይ የተተከሉ ናቸው። ያለ እሱ ጊታሩ አይሠራም።

አንድ ማክሰኞ ለምሳ ካርቲየ 7 ቢስ ወደሚገኘው ቤታችን ስገባ ጊታሩ አልጋዋ ላይ ተጋድሞ አየሁት። ያ ነጭ ፕላስቲክ ቢጫ ሆኗል፤ ልብ ያልኩት ገና ያን ዕለት ነው። ቅቤም አይደለም፣ የሎሚ ልጣጭም አይደለም፤ ልክ የአጫሽ ጣት። የባንድ ልጆች እንደሚያጨሱ አውቃለሁ። ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አልሰጠሁም።

«ከጀመርሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሲጋራውን።»

ሳቀች። ሳቋን ድፍረት አድርጌ ወሰድኩት። ተጠግቼ ፀጉሯን አሸተትኩ። አሁን ስጽፈው አፍራለሁ፤ ያን ዕለት ግን አላፈርኩም። ሳቋ ቆመ።

«አባዬ፣ ጣቴን እይ፤ ጥርሴን እይ። ሰው እያለ ፕላስቲክ ትጠይቃለህ?»

«ፕላስቲክ አይዋሽም» አልኳትና ጊታሩን ወስጄ የመሣሪያ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። የእሑዱ ሠርግ ቀረ አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟ ተጠርቶ ብቻዋን የምትጫወትበት ሠርግ ነበር፤ ሁለት ወር ተለማምዳበታለች።

ባለቤቴ ከኩሽና ወጣች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅህን በዕቃ ምስክርነት ትፈርድባታለህ?»

«አንቺ ዝም በይ» አልኳት። እሷ ግን ዝም አላለችም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተናገረች።

በማግስቱ ጊታሩን አውጥቼ ማጽዳት ጀመርኩ። እዚህ ላይ አንድ የሙያ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ጫት የሚቃምበትና ሲጋራ የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ያለ ኤሲ ገና መጀመሪያ ስትጠርገው ጨርቁ ቡናማ ይሆናል፤ ጭስ ከላይ የሚቀመጥ ቆሻሻ ነው። ጊታሩን ስጠርገው ጨርቁ ላይ የወጣው አቧራ ብቻ ነው። ይህን በዓይኔ አይቼ «ወደ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው» ብዬ የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀውን አሴቶን ጨመርኩበት። ፕላስቲኩ ደበዘዘ፤ ቢጫው ግን እንዳለ ነው። ብሎኖቹን ፈታሁ። ከእያንዳንዱ ብሎን ራስ ሥር አንዳንድ ነጭ ክብ ነበር። ያንንም አይቼ አለፍኩት። ጠርዙን በመፍቻ ቀና ሳደርገው ፕላስቲኩ ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። ዕድሜ አድርቆታል። መልሼ ቆለፍኩበትና ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ልብስ ሰፊው መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ነው የተናገረው።

«ጋሼ፣ ባንዱ ውስጥ የምናጨስ እኔና ከበሮ መቺው ነን። እሷማ እንደ ዘበኛ ከክፍል ታስወጣናለች። ፀሐይ ላይ ቆመን ነው የምናጨሰው፣ እግዜር ያሳይዎ!»

«ለራስህ ትመሰክራለህ እንዴ?»

«ኧረ በራሴ ላይ ነው የመሰከርኩት፣ ጋሼ!»

ማሳቁን አልወደድኩለትም፤ መለስኩት። ያኔውኑ ሄዶ ሌላ ጊታር ተጫዋች ተዋዋለ።

ቅዳሜ ጠዋት አንዲት ሶማሌ አሮጊት ቤት ኤሲ ላጸዳ ሄድኩ። ቤታቸው የምትሠራው ኢትዮጵያዊት፣ ያገሬ ልጅ ናት፤ ከሃያ ዓመት አትበልጥም፤ ባልዲ ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። አሮጊቷ የኤሲውን ሽፋን እያሳዩ በሶማሊኛ ጠየቁኝ፤ «ይህ ነገር ለምን ቢጫ ሆነ? እኔ ስወጣ ይቺ ልጅ ታጨሳለች መሰለኝ። እውነቱን ንገረኝ፣ ዛሬውኑ አሰናብታታለሁ።»

መልሱን ለማሰብ አልቆምኩም፤ ለመቶ ደንበኛ የነገርኩት ነው። «እማማ፣ ይህ ጭስ አይደለም። ነጭ ፕላስቲክ ብርሃንና ሙቀት ሲመታው ከውስጡ ይለወጣል። ይኸው በመስኮቱ በኩል ያለው ጎን ይበልጥ ቢጫ ነው። ጭስ ቢሆን ጨርቅ ላይ ይወጣ ነበር» አልኩና ጠርጌ ጨርቁን አሳየኋቸው። አሮጊቷ ጨርቁን ገልበጥ አድርገው አዩና ልጅቷን «በይ፣ ወደ ሥራሽ» አሏት።

ልጅቷ በር ድረስ ሸኘችኝ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ። እርስዎ ባይኖሩ ዛሬ የት እገባ ነበር?»

የመሣሪያ ሣጥኔን ይዤ ወጣሁ። ለሌላ ሰው ልጅ በአንድ ጨርቅ የፈረድኩትን ለራሴ ልጅ አልፈረድኩም። ጊታሩ የሚሰቀልበትን ምስማር ከመስኮቱ ትይዩ የመታሁትም እኔው ነኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ የከሰዓት ፀሐይ ሲመታው ኖሯል፤ ነጭ የቀረው ከብሎኖቹ ራስ ሥር ፀሐይ ያላገኘው ክብ ብቻ ነው።

ሲጋራ መጥፎ ነገር ነው፤ ይህን ሐሳቤን አልቀየርኩም። ልጅ መቆጣጠርም የአባት ሥራ ነው። ነገር ግን መቆጣጠርና መፍረድ አንድ አይደሉም። ፍርዱን አስቀድሜ ስለወሰንኩ ማስረጃው እጄ ላይ እያለ አላየሁትም። አለማወቅ ቢሆን ይቅር ይባል ነበር፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው።

ቤት ገብቼ ነገርኳት። ይቅርታ ማለት ስላልለመድኩ መጀመሪያ ስለ ፕላስቲክ ጠባይ ብዙ አወራሁ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እሺ፣ ጊታሩን ስጠኝ» አለች። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ለሁለት የተከፈለውን ፕላስቲክ በእጇ አነሳችው። ያን ጊዜ ነው «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በይኝ» ያልኩት። «ሠርጉ ነገ ነው፣ አባዬ» አለችኝ።

እሑድ እናቷ ታክሲ ይዛ ወደ ሠርጉ ወሰደቻት፤ ቤት ተቀምጣ እንዳታለቅስ። ልጄ ከዕድምተኛ ጋር ተቀምጣ የሷን ቦታ ሌላ ሰው ሲጫወትበት አየች።

አዲሱን ፕላስቲክ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። አንድ የማውቀው ሰው በባቡር ይዞልኝ መጣ፤ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተቀበልኩትና የድሮዎቹን ዕቃዎች ራሴ ገጠምኩበት። ማዞሪያዎቹ እንደ ድሮው ፕላስቲክ ቢጫ፣ ፊቱ ድፍን ነጭ ሆነ። ልጄ አየችውና «አባዬ፣ ጥርስ ያስተከለች አሮጊት አስመሰልካት እኮ!» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ። ጊታሩ ግን ከዚያ ወዲህ ቤታችን አያድርም። ልብስ ሰፊው ሱቅ ታስቀምጠዋለች፤ ለልምምድ ይቀርበኛል ትላለች። አይቀርባትም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ወጪውን ጽፌዋለሁ። ልጄ ያጣችው የሠርግ ክፍያ ስምንት ሺህ። ልብስ ሰፊው ለምትኩ ተጫዋች ከሷ ክፍያ በላይ የጨመረው ሰባት ሺህ። የባለቤቴ ታክሲ ሁለት ሺህ። የኔ ደግሞ ፕላስቲኩ ስድስት ሺህ፣ ናጋድ ደርሶ መልስ ሁለት ሺህ። በጠቅላላው ሃያ አምስት ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ።